አሥራ ሰባት ክፍል

አያቴ አባባ የቤት ኪራይ ይጽፍበት የነበረው መዝገብ አሁን እኔ ዘንድ ነው። ልባሱ ጥቁርና ጠንካራ፣ ጀርባው በቀይ ጨርቅ የተጠገነ። ዕድሜውን የጨረሰው በሴት አያቴ በእማማ ጓዳ ውስጥ፣ ከበርበሬው አጠገብ ስለሆነ እስካሁን ስገልጠው ያስነጥሰኛል።

ተከራዮቹ በስማቸው አልተጻፉም። «ጋጋሪዋ»፣ «ልብስ ሰፊው»፣ «የሲኒማ ቤቱ ዘበኛ»፣ «ጠጅ ጣይዋ»፣ «ሁለቱ ተማሪዎች» እያለ ይወርዳል። አባባ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሞ ያደገ ስለሆነ ቁጥሩ ሁሉ በግዕዝ ነው። ጋጋሪዋ ፰፣ ልብስ ሰፊው ፲፪፣ ጠጅ ጣይዋ ፲፭። የከፈለ ሰው ቁጥሩ አጠገብ ትንሽ መስቀል ይደረግለታል፤ ያልከፈለ ባዶውን ይቀራል። ወሩ ሲሞላ፣ 30 ላይ፣ ከጊዮርጊስ ኪዳን መልስ አባባ መዝገቡን በብብቱ ይዞ በየበሩ ይዞራል። አያንኳኳም። በሩ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ያስላል፤ ሳሉን ሁሉም ያውቀዋል።

መዝገቡ የሚያበቃው 1967 ላይ ነው። ሐምሌ ተብሎ ርእስ ወጥቷል፣ አሥራ ሰባቱም ተከራዮች ተደርድረዋል፣ ቁጥራቸውም ተጽፏል። መስቀል ግን የለም።

አባባ ከመንዝ አዲስ አበባ የገባው ጣልያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1935 ነው። ጣልያን የአራዳን ገበያ ነቅሎ ወደ መርካቶ ወስዶታል፤ ሆኖም አራዳ ጊዮርጊስን፣ ሱቁን፣ ጠጅ ቤቱንና ሲኒማውን ይዛ ስለቀረች ከፒያሳ የሰው እግር አልጠፋም። አስተናጋጁም፣ ዘበኛውም፣ ልብስ አጣቢዋም ማታ የሚገቡበት ይፈልጋሉ። አባባ ይህን የተረዳው እሱ ራሱ ማደሪያ አጥቶ ሦስት ሳምንት የጣውላ ክምር ሥር ካደረ በኋላ ነው። እዚያው ጣውላ ነጋዴው ዘንድ ተቀጥሮ ስድስት ዓመት ሠራ፤ ከአንዲት ባለርስት ወይዘሮ ላይም ከዶሮ ማነቂያ አለፍ ብሎ ቁልቁለት ላይ ያለ ቦታ ገዛ። ቁልቁለቱን ወዶ አልመረጠውም፤ ርካሽ ስለሆነ ነው። (ዶሮ ማነቂያ ስል መሸታ ቤቱን አስቦ ፈገግ የሚል አንባቢ አይጠፋም። ፈገግ ይበል። ጠጅ ጣይዋ 15 ብሯን አንድም ወር አዘግይታ አታውቅም፤ የሚያዘገዩት ሁለቱ ተማሪዎች ነበሩ።)

የመጀመሪያው ክፍል በ1942 ተሠራ። ልጁ አባዬ፣ የእኔ አባት፣ የተወለደው በዚያው ዓመት ስለሆነ እሱና ቤቱ እኩያ ናቸው። ቋሚው ባሕር ዛፍ፣ ማገሩ ባሕር ዛፍ፤ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ እስኪሸት ድረስ ይቦካል፣ ከዚያ ይመረጋል። ሳይቦካ የተመረገ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ። ማታ ማታ አይጥ አቡጀዲው ላይ ሲሮጥ የእግሩ ቅርጽ ከታች ይቆጠር ነበር ይላል አባዬ። ግድግዳው ላይ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ይለጠፋል። አባዬ ማንበብ የለመደው ትምህርት ቤት ሳይሆን ከተከራይ ግድግዳ ላይ ነው፤ አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ስለተለጠፈ ዘቅዝቆ ማንበብም ለመደ። ይህ ችሎታ ኋላ እንጀራ ሆኖታል፤ እመለስበታለሁ።

በየዓመቱ አንድ ክፍል፣ አንዳንድ ዓመት ሁለት ይጨመራል። አሥራ ሰባት ላይ ቦታው አለቀ። ክረምት ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ አባባ ሱሪውን ጠቅልሎ አሥራ ሰባቱንም በየተራ ይመርጋል፤ ይህን ሥራ ለሌላ ሰው አሳልፎ አይሰጥም። ተከራይ ቤቱን ሲመርግለት እያየ ኪራይ አልከፍልም ለማለት ያፍራል፣ ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ ግን ደግነት ብቻም አልነበረም።

ደግ ሰው ነበር ብዬ ለመጻፍ እጄ የማይታዘዘኝ ስለ አጣቢዋ ነው። መዝገቡ ውስጥ «አጣቢዋ ፯» ትላለች። የ1964 ነሐሴና የ1965 መስከረም ባዶ ናቸው፤ ጥቅምት ላይ ስሟ በቀይ ቀለም ተሰርዟል። እማማ እንደነገረችኝ፣ ልጇ ታሞባት ነው ያልከፈለችው። አባባ ዕቃዋን ያወጣው ያለጊዜው በጣለ ዝናብ ነው፤ ፍራሹ፣ ጀበናው፣ የእንጨት ሳጥኑ ደጅ ተደርድሮ ዝናብ ሲወርድበት ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ አየ። እማማ ልጁን ወደ ቤት አስገብታ ሾርባ አጠጣችው። አባባ ይህን አይቶ ምንም አላለም፤ ክፍሉን ግን በሳምንቱ ለሌላ ሰው አከራየ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ቅዳሜ ነበር፤ የገብርኤል ንግሥ። እማማ ከንግሡ ስትመለስ አባባ ሬዲዮው አጠገብ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቷል። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ለመኖሪያም ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቦታ። ከዚያ ያለፈው ትርፍ ነው። እማማ መጀመሪያ የጠየቀችው፣ «ትርፍ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ነው። አባባ በመስኮቱ እያየ፣ «እነዚያ» አላት።

በማግሥቱ ከጓሮ እልልታ ተሰማ። ለምን አይሰማ? አነስተኛው ኪራይ በግማሽ ተቆርጧል። የጋጋሪዋ 8 ብር 4 ብር ሆነላት፤ በዚያ ዘመን 4 ብር የቤት ቀለብ ነው። ወር በሞላ ቁጥር የማንንም ሳል መጠበቅ ቀረላቸው። ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረ ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበረው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። የእኛዎቹ ሁሉም ቀበሌ ገቡ። የአዋጁን መንፈስ ለመርገም አፌ አይደፍርም። የከተማው ቦታ በጥቂት ባለርስት እጅ ነበር፤ አባባን ከእነሱ ተርታ ማሰለፍ ይከብዳል፣ አጣቢዋን በዝናብ ያስወጣው እጅ ግን የባለርስት ሳይሆን የአባባ ነው።

ከኪራይ በቀር ገቢ ለሌለው ሰው እስከ 250 ብር የሚደርስ የወር መተዳደሪያ ይሰጥ ነበር። አባባ ሄጄ አልፈርምም አለ። እማማ ነጠላዋን አጣፍታ ወረፋ ያዘች። ገንዘቡን አምጥታ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ አባባ ፊቱን ያዞራል፤ ሥጋ ሲገዛበት ግን ይበላል። ይህን ስታወራ እማማ ሳቋ ያፍናት ነበር።

አዲስ የተቋቋመው ቀበሌ የቤት ኪራይ ተቀባይ ማን ሆና ብትገኝ ጥሩ ነው? አጣቢዋ። መጻፍ ለምዳለች፤ ቆጣቢና ቀጥተኛ ስለሆነች ነዋሪው መርጧታል። አባባ በቀረችው አንድ ቤቱ የቤት ግብርና የቦታ ኪራይ ለመክፈል መስኮቷ ጋ መቆም ነበረበት። የመጀመሪያውን ቀን አባዬ አብሮት ሄዷል። ወረፋው ሲደርስ አባባ ለወትሮው ቀጥ የሚለው ሰው አንገቱን ደፋ። ሴትዮዋ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጠረች፣ ደረሰኝ ቆረጠች፣ በሁለት እጇ ሰጠችው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ» አለችው። በመንገድ ላይ አባባ ደረሰኙን እያገላበጠ ሲያይ ቆይቶ፣ «እኔ ለማንም ደረሰኝ ሰጥቼ አላውቅም» አለ። ስለዚያ ቀን ሌላ የተናገረው ነገር የለም።

ቤቶቹ ያረጁት ከዚያ በኋላ ነው። በ4 ብር ኪራይ ቀበሌ ቆርቆሮ መግዛት አይችልም፤ ተከራዩ ደግሞ ያለፈቃድ ሚስማር ቢመታ ይጠየቃል። የሁሉም የሆነ ግድግዳ የሚመርገው አጣ። ጥቅምት ሲመጣ አባባ ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃ ሲያቦካ ሰዎች አይተውታል፤ የሚመርገው የራሱ ያልሆነውን፣ የጋጋሪዋን የጀርባ ግድግዳ ነው። አንድ የቀበሌ ሰው መጥቶ በምን መብትህ አለው። «ወደ እኔ ግቢ ሊወድቅ ነው» ብሎ መለሰለት። በ1979 እስኪሞት ድረስ ያ ግድግዳ አልወደቀም።

አባዬ መንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ደላላ እሆናለሁ ብሎ ያሰበበት ቀን የለም። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ቤት መሸጥና መግዛት ሲፈታ፣ ቀጥሎም መንግሥት ሲለወጥ፣ ሰው ሁሉ ቤት ይጠይቅ ጀመር። ችግሩ የትኛው ቤት የማን እንደሆነ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። አባዬ ያውቃል። የአራዳን ቤቶች ከነባለቤቶቻቸው፣ ከነወራሾቻቸው፣ ከነጸቦቻቸው በቃሉ ያውቃቸዋል። መጀመሪያ ለወዳጅ ጠቆመ፤ ወዳጅ ምሳ ጋበዘው። ሁለተኛው ገንዘብ ሰጠው። በሦስተኛው ሥራውን ለቀቀ። እማማ አንድ ሳምንት አኮረፈችው፤ «የባለ ቤት ልጅ ደላላ ሆነ» እያለች።

ቢሮው ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ የማእዘኑ ጠረጴዛ ነበር። አንድ ማኪያቶ ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት። ገና ሰው ሳይቀመጥ የሚጠይቀው «የግል ነው የቀበሌ?» ብሎ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። የግል ከሆነ ከሻጭ ሁለት በመቶ፣ ከገዢ ሁለት በመቶ። የቀበሌ ከሆነ ማስታወሻውን ያጥፋል፤ ቁልፍ የሚሸጡ ነበሩ፣ እሱ ግን «የአባቴን ቤት ቁልፍ አልሸጥም» ይል ነበር። እውነት ለመናገር ይህን የሚለው ሰው በሰማው ጊዜ ነው፤ አንድ ሁለት ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ እንዳሳለፈ አውቃለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቁልፍ ተሸካሚዋ እኔ ነበርኩ፤ ገና አሥራ ሁለት ዓመቴ። የሥራውን ነገር የተማርኩት ከኋላው እየሄድኩ ነው። ቤት የሚታየው በነሐሴ ነው፤ በጥር ሁሉም ቤት ደረቅ ነው። ውኃው ይመጣል ሲሉህ ቧንቧውን ሳይሆን የባልዲውን ብዛት ቁጠር፤ ባልዲ የበዛበት ቤት ውኃ የለውም። ወራሾች አራት ነን ካሉ አምስተኛውን ፈልግ፤ አሜሪካ ነው ያለው፣ ውክልና አልላከም፣ ሽያጩ ሲያልቅ ይደውላል። እግድ መኖሩን ሳታጣራ ቀብድ አታስከፍል። ሻጭና ገዢ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ደግሞ አባዬ ማኪያቶውን እያማሰለ ፊት ለፊቱ ያለውን ወረቀት እንደተዘቀዘቀ ያነበዋል። አንድ ሰው ካርታው ላይ 300 ካሬ የሚለውን በእጁ ሸፍኖ 400 ነው ሲል፣ አባዬ ቀና ሳይል «እጅህን አንሳ» ያለውን አልረሳም።

የእሱ ማስታወሻ የአባባን አይመስልም። የልጅ ደብተር ነው፣ ቁጥሩ በፈረንጅ፣ ሰዎቹ ከነአባታቸው ስምና ከነስልካቸው። አንድ ነገር ግን ወርሷል፤ ያለቀ ሥራ አጠገብ ትንሽ መስቀል ያደርጋል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ የገረመኝ የውሉ ቋንቋ ነው። ከ1986 ወዲህ የከተማ ቦታ በሊዝ ነው የሚያዘው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሏል። ስለዚህ ውልና ማስረጃ ቀርቦ የሚፈረመው ሽያጭ የቤት ብቻ ነው። «ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት» ይላል ውሉ፤ ዋጋው ሚሊዮኖች ነው። ገዢው በሳምንቱ ያንን ጭቃ ቤት በአንድ ጠዋት አፍርሶ መሠረት ይቆፍራል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። አባባ ቦታውን ገዝቶ ቤቱን በገዛ እጁ ሠራ፤ እኛ ደግሞ ቦታውን መሸጥ ስለማንችል የሞተውን ጭቃ ቤት የቦታውን ዋጋ አሸክመን ወደ ገበያ እናወጣለን። ምርጊቱን ለማድነቅ አንድም ገዢ መጥቶ አያውቅም።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ወደ አባዬ ጠረጴዛ ስመጣ ደስ አላለውም። ሴት ልጅ ካፌ ተቀምጣ ማንን ልትጠብቅ ነው አለ። ጠረጴዛውን ትቼ ኮምፒዩተር ገዛሁ፤ የኮሚሽን ሥራ ፈቃድ አወጣሁ፤ የቤቶቹን ፎቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ጀመርኩ። ሦስተኛው መዝገባችን ኤክሴል ሆነ። አባዬ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ «መስቀሉ የት አለ?» አለኝ። አረንጓዴ ቀለም አሳየሁት።

በ2009 አንድ አልሚ ያልተሠሩ አፓርታማዎች እንድሸጥለት ጠየቀኝ። ኮሚሽኑ ከአሮጌ ቤት በእጅጉ ይሻላል። አሥራ አንድ ቤት ሸጥኩ። ከገዢዎቼ አንዷ ቤሩት አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቤት የሠራች ሴት ናት፤ 30 በመቶ ቅድመ ክፍያውን ይዛ ስትመጣ ወረቀት ላይ የተሳለውን ሳሎን በጣቷ እየዳሰሰች «ሶፋው እዚህ ይሆናል» ትለኝ ነበር። በ24 ወር ይረከባሉ ተባለ። በ24ኛው ወር ጉድጓድ ነበር። በ48ኛው ወር ያ ጉድጓድ ውኃ ይዞ እንቁራሪት ይጮኽበታል።

ለአባዬ ስነግረው ብዙ አልተቆጣም። «ግድግዳውን ነክተሽዋል?» ብቻ አለ። ግድግዳ የለውም አልኩት። «እንግዲያ ምን ሸጥሽላት?» ዝም አልኩ። ኮሚሽኑን መልሺላት አለኝ። ግማሹን መለስኩ፤ ግማሹ ተበልቶ ነበር። ሴትዮዋ ገንዘቡን ስትቀበል ደረሰኝ ጠየቀችኝ። ቤቱን እስካሁን ትጠብቃለች፤ በዓል በመጣ ቁጥር ትደውልልኛለች፣ ስለ ቤቱ አንድም ቃል ሳታነሳ። ቢሰድቡኝ ይሻለኛል የምለው ያኔ ነው።

በ2016 ፒያሳ ፈረሰች። ከሰው አፍ እንደምንሰማው ሁሉ «ልማት መጣ» ተባልን፣ ልኬት ተለካ፣ በሮች ላይ በቀለም ምልክት ተደረገ። የቀበሌ ተከራዮቹ ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ሌላ የመንግሥት ቤት ተዛወሩ። ለእኛ ለአንዷ ቤታችን ካሳና ምትክ ቦታ ተሰጠን፤ ቦታው ከከተማው ጠርዝ ነው፣ ስለሱ የምጽፈው ሌላ ጊዜ ነው። አሥራ ሰባቱን ለማፍረስ አንድ ኤክስካቫተር ከሰዓት በኋላ ብቻ በቃው። ከተከራዮቹ መሃል የጋጋሪዋ የልጅ ልጅ አለች፤ አያቷ ክፍል ውስጥ ተወልዳ እዚያው ሦስት ልጅ ወልዳለች። ዕቃዋን ስትጭን አባዬ አግዟታል፤ በሰባ አራት ዓመቱ ፍራሽ በትከሻው።

ባለፈው መስከረም እንሂድ አለኝ። መኪናውን ከዓድዋ ድል መታሰቢያ ራቅ አድርገን አቁመን በእግራችን ወረድን። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ አዲስ የተተከለ ሣር። ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ። አልጠላሁትም፤ ይህን ብናገር ቤተሰቤ ይቀየመኛል እንጂ አምሮበታል። አባዬ ከዘራውን እየተከለ ከአንድ የቆየ ዛፍ ጀምሮ እርምጃውን መቁጠር ጀመረ። አንዴ ተሳሳተና ተመልሶ ከዛፉ ጀመረ። ቁልቁለቱ ተስተካክሏል፤ እግሩ ግን ያውቀዋል፣ ትንሽ ጎንበስ ብሎ ነው የሚወርደው።

«ልብስ ሰፊው» አለ ቆም ብሎ። ስድስት እርምጃ ወረደ። «ሁለቱ ተማሪዎች።» ስድስት እርምጃ። አንዲት ወጣት ስልኳን ወደ ላይ ይዛ ራሷን ፎቶ ታነሳለች፤ አባዬ ዞሯት አለፈ። አንድ አግዳሚ ወንበር ጋ ሲደርስ ቆመ። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም፤ ፊት ለፊቱ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ከዘራውን በብብቱ ያዘ።

አንድ ጊዜ አሳለ።

«ጋጋሪዋ» አለ። «ሐምሌን አልከፈለችም።»